የሐረግወይን የባሕር ምስር

ነቀምቴ ተቀምጦ ስለ ባሕር መጠየቅ የፈለገ ሰው ካለ ሐረግወይንን ይጠይቅ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። እርግጥ ሴትየዋ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ወለጋ ከገባች ወዲህ ከክፍለ ሀገሩ የወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ለኮርስ፣ አንዴ ለጥርሷ። ይሁን እንጂ ባሕሩ ራሱ ሰፈሯ ቡርቃ ጃቶ ድረስ ይመጣላታል፤ በማርመላታ ብልቃጥ ሆኖ፣ በከባድ መኪና ጋቢና አራት ቀን እየተንገጫገጨ።

ሥራዋ እዚያው ከተማ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ የባዮሎጂ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ተማሪው ሁሉ «ቲቸር» ይላታል፤ አስተማሪ አለመሆኗን ስታስረዳ ስታስረዳ ሰልችቷት ትታዋለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ማይክሮስኮፕ ይዛለች። መብራት አይፈልግም፤ ከሥሩ መስታወት አለው፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ ወደ ፀሐይ ታዞረዋለች። አሮጌ ነው ብለው ሁለቴ ከንብረት መዝገብ ሊሰርዙት ሲሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቃ «ጠፍቷል» ብላለች። እንዲህ ናት እንግዲህ፤ ለራሷ ጉዳይ አንድ ቀን ዋሽታ የማታውቅ ሴት ለማይክሮስኮፕ ስትል ዓይኗን በጨው አጥባ ትዋሻለች።

ወለጋ የገባችው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና፣ ከወሎ፣ ከወላጆቿ ጋር። እነሱ አገር ወንዙ ደርቆ ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዴዴሳን ያየች ቀን ጠጥታ ጠጥታ ስትጠግብ፣ ጎንበስ ብላ ታችኛውን ድንጋይ ዳሰሰችው። ቡናማ፣ የሚያሟልጭ ነገር ለብሷል። እናቷን ምን እንደሆነ ብትጠይቃት «የውሃ ጭቅቅት ነው፣ ተይው» አለቻት። ከብዙ ዓመት በኋላ ኮርስ ላይ ያንኑ ጭቅቅት ከሌንስ ሥር ስታስቀምጠው ነፍስ ያለው ሆኖ ቁጭ አለ! እየተንሸራተተ የሚሄድ አለ፣ እየተሽከረከረ የሚሄድ አለ። መምህሩ አልጌ እንደሚባል ነገራት፤ በመጽሐፍ አማርኛ ዋቅላሚ። ሐረግወይን ግን ጭቅቅት ማለቷን አልተወችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ያዛት፤ የወንዝ ጭቅቅት እንዲህ ከሆነ የባሕርስ ጭቅቅት ምን ይመስል ይሆን?

ሞረዳ ጎረቤቷ ነው፤ አጥራቸው አንድ ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ሦስት ቤት የሚሰማ። ለመሄድ ሲነሣ የሰፈሩ ሰው የሚያዘው ሽቶ፣ ብርድ ልብስና ቴምር ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ሐረግወይን ብልቃጥ ይዛ መጣችና ጭቅቅት አዘዘችው። «ውሃውን ከላይ እንዳትቀዳልኝ። ከታች፣ ከአሸዋውና ከሣሩ ሥር። ክዳኑን አታጥብቀው፣ ፀሐይም አይምታው» አለችው። ሞረዳ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ግን አመጣላት። ከዚያ ወዲህ በሄደ ቁጥር ያመጣል፤ እዚያ አንድ ዓሣ አጥማጅ ተወዳጅቶ፣ ሰውየው እየጠለቀ ብልቃጡን ይሞላለታል። ሞረዳንም በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «የብልቃጡ ሰውዬ» ነው የሚለው።

ወይ ያ ብልቃጥ! ከአሸዋው በሻይ ማንኪያ ጫፍ ቆንጥራ፣ አንድ ጠብታ አድርጋ፣ ዓይኗን ሌንሱ ላይ ስታስደግፍ ሐረግወይን ነገር ዓለሙን ትረሳለች። ከአሸዋ ቅንጣት ሥር የመስታወት ጀልባ ይወጣል። በእውነት መስታወት ነው፤ ልብሱ የተሠራው መስታወት ከሚሠራበት ነገር ነው፣ በላዩም ማንም አንጥረኛ የማይችለው ጥልፍ ተጠልፎበታል። ጀልባው ቀዛፊ የለውም፣ ጅራት የለውም፣ ግን ይሄዳል። ከአሸዋ ጋር ሲላተም ቆም ይላል፣ ያስባል መሰል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በአንዲት ጠብታ ውስጥ የቅዳሜ ገበያን የሚያስንቅ ሕዝብ አለ፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ይህ ሁሉ ፍጡር ባሕር ሥር ፀሐይ እየሞቀ ምግቡን ራሱ ያበስላል፤ ዓሣውም ሸርጣኑም ከእሱ ማዕድ ነው የሚበላው። ማንም አያየውም። ሐረግወይን አንዳንዴ ራሷን ቀና አድርጋ በመስኮቱ ሰዉን፣ ባጃጁን፣ ካህኑንና ፓስተሩን ታይና «እናንተ ምንም አታውቁም» ትላለች፤ በፍቅር ነው የምትለው።

የላቲን ስማቸውን ስለማታውቅ ራሷ ስም አወጣችላቸው፤ በምታውቀው፣ በቤት ዕቃና በእህል። መርፌ፣ ሚዶ፣ ሰፌድ፣ ጀልባ። ጫፉ የሾለ፣ ሆዱ የሰፋ አለ፤ እሱን እንባ አለችው። ከሁሉ ደግሞ የምትወደው ምስር ነበር። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ልክ ድፍን ምስር ነው የሚመስለው፤ ከባሕር ሣር ላይ ተጣብቆ ይኖራል፣ ሲነቃነቅ ቀስ ብሎ እየዞረ ይሄዳል። በስድስት ዓመት መቶ አርባ ሦስት ዓይነት በደብተር ሣለች። ምስር በየብልቃጡ ሦስት አራት ቢገኝ ነው፤ ባገኘችው ቁጥር ዘመድ እንዳገኘ ሰው ደስ ይላታል።

በየካቲት ወር የመጣው ብልቃጥ ግን ሌላ ነበር። ሞረዳ ራሱ አላመጣውም፤ ከመንገድ ታሞ ስለገባ ሚስቱ ዱረቲ ናት በአጥር ያቀበለቻት። ሐረግወይን ጠብታዋን አድርጋ ስታይ ክው ብላ ቀረች። ምስር ብቻ! ሣሩ ላይ ተጨናንቆ ሞልቷል፣ ከወዲያ ወዲህ ይዞራል፣ ጠብታው ራሱ ቡናማ ሆኗል። ጮክ ብላ እሰይ አለች። በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለሌሊሳ ላከችለት። ሌሊሳ የድሮ ተማሪዋ ነው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሃ ፍጥረታት ያጠናል። «ይህቺን ታውቃታለህ ወይ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ደግሞ ፊልድ ወጥቶ ኔትወርክ አልነበረውም፤ መልስ ሳይመጣ አሥር ቀን አለፈ።

በአሥሩ ቀን ውስጥ የሞረዳ ነገር ከፋ። መንገድ ላይ ያስቀመጠውና ያስመለሰው ጊዜ ሁሉም ሰው የምግብ ጉዳይ ነው ብሎ ነበር። ቤቱ ከገባ በኋላ ግን እግሩ ከዳው። ጥርሴ ሊወልቅ ነው ይላል፣ ጥርሱ ግን አይነቃነቅም። ዱረቲ ፊቱን ልታጥበው ውሃ ስታፈስበት ጮኾ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። ብርጭቆ ሲሰጡት ወረወረው። ክሊኒክ ሲወስዱት ባለሙያው ከጎጃም የመጣ ወጣት ነበር፤ ኦሮምኛው ገና ነው። ሞረዳ ሲጨንቀው አማርኛው ይጠፋበታልና «ቢሻን ቀበናዋን ና ጉቤ» እያለ ደጋገመለት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አቃጠለኝ ማለቱ ነው። ወጣቱ ውሃና ማቃጠልን ለይቶ ሰማ፣ ቀዝቃዛ ያለውን ግን ሊያገጣጥመው አልቻለም፤ ደግሞስ ቀዝቃዛ ውሃ ማንን ያቃጥላል? በሽተኛው ውሃ ሲቀርብለት እንደሚሸሽ በዓይኑ አየ። እና ካርዱ ላይ ሁለት ቃል ጻፈ፦ ውሃ ይፈራል።

ውሃ ይፈራል! ያቺ ካርድ በሰፈሩ ስትነበብ የማን ቤት ነው ያልተንቀጠቀጠው? ውሃ የሚፈራ ሰው በእብድ ውሻ የተለከፈ ሰው ነው፤ ይህን ነቀምቴ ላይ ሕፃን ያውቀዋል። የሞረዳ የእናቱ ወንድም ኦቦ ባቻ ውሻ ነክሶት እንደሆነ ጠየቀው። ሞረዳ አስቦ አስቦ፣ የዛሬ ስድስት ወር ሚኤሶ ላይ አንድ ቡችላ ቧጥጦት እንደነበር ተናገረ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ክሊኒኩ ሆስፒታል ውሰዱት ብሎ ነበር፤ ኦቦ ባቻ ግን ይህ በሽታ አንዴ ከተነሣ ሆስፒታል ምንም እንደማያደርግለት ያውቃል። ከዲጋ ወዲያ ሥር ቀምሞ የሚሰጥ ሰው አለ፤ መድኃኒቱ እንደ እሳት የከረረ ነው፣ ጠጪው ወይ ይድናል ወይ ከዚያው አይነሣም። ለቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተያዘ።

ኦቦ ባቻን ክፉ ሰው አታድርጉብኝ። የዛሬ አርባ ዓመት ታናሽ ወንድሙ በዚሁ በሽታ እጁ ላይ ሞቷል፤ ያን ጊዜ ዘግይተን ነው ብሎ እስካሁን ራሱን ይረግማል። ሐረግወይንም ብትሆን ከሰው የተለየች አልነበረችም። ሁለቴ ልትጠይቀው ሄዳ በሁለተኛው ከበር ላይ ነው የተመለሰችው። ምራቁ እንዳይነካት ፈርታ ነው። ይህን ዛሬም ስታወራው ፊቷ ይቀላል።

ቅዳሜ ጠዋት ላብራቶሪ ሆና ስላይድ ስታጥብ የሌሊሳ ድምፅ በቴሌግራም መጣ። ልጁ በደስታ ነበር የሚያወራው። ምስሯን ያውቃታል። ከሞቃት ባሕር ወለል ላይ፣ ከሣርና ከኮራል ተጣብቃ የምትኖር ፍጥረት ናት፤ ብዙ ዓይነት አላት፣ አንዷን ካንዷ በእንደዚህ ያለ ማይክሮስኮፕ መለየት አይቻልም። እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከምስሮቹ አንዳንዶቹ መርዝ ይሠራሉ፤ እሷ እንባ ያለችው ዘመዳቸውም እንደዚያው ነው። ትንሹ ዓሣ ሣሩን ሲግጥ መርዙን ይውጣል፤ ትልቁ ዓሣ ትንንሾቹን ይውጣል፣ እንዲህ እያለ ይጠራቀማል። ዓሣው ራሱ ምንም አይሆንም። አይሸትም፣ ጣዕሙ አይለወጥም፤ ቢጠበስ፣ ቢቀቀል፣ በጨው ቢደርቅ መርዙ አይሞትም።

«ሰው ከበላው ደግሞ፣ ቲቸር፣ በጣም የሚገርመው ነገር» አለ ሌሊሳ፣ «ሙቅና ቀዝቃዛ ይገለባበጥበታል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ እሳት የነካ ይመስለዋል።»

ስላይዱ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ቢሻን ቀበናዋን ና ጉቤ። ሰውየው እኮ እውነቱን ነበር የሚናገረው፤ አሥር ቀን ሙሉ ቃል በቃል እውነቱን ሲናገር የሰማው ሰው ጠፋ። ወዲያው ሌላው ነገር መጣባት። ያን ሰሞን ዱረቲ በጨው የደረቀ ትልቅ ዓሣ ጓዳዋ ሰቅላ አሳይታት ነበር፤ ብልቃጡን የሚሞላው አጥማጅ ለሞረዳ የሰጠው ስጦታ ነው ብላ። ጭንቅላቱን እዚያው በባሕሩ ዳር ጠብሰው አብረው በልተውታል። ብልቃጡ ባይኖር ሞረዳ ከወደቡ ወጥቶ ያን ባሕር ዳር አይረግጥም ነበር።  ሐረግወይን ጋዋኗን ሳታወልቅ ባጃጅ አስቁማ ወደ ቡርቃ ጃቶ በረረች።

ስትደርስ ሚኒባሱ በር ላይ ሞተሩ እየሠራ ነው። ሞረዳን በጋቢ ጠቅልለው ደግፈው ያወጡታል፤ ያ ትከሻ ሰፊ ሰው እንደ ሽማግሌ ጎብጧል። ሐረግወይን መንገዱ መሐል ቆመችና አስቆመቻቸው። ስለ ዓሣው፣ ስለ ምስሩ፣ ስለ መርዙ አንድ ላይ ስታዘንበው ማን ይረዳታል? ምስር የሚመስል፣ በዓይን የማይታይ፣ ከባሕር ሥር የሚኖር ነገር ሰው ያሳብዳል ስትል ሁለት ሴቶች ተያዩ። ኦቦ ባቻ ግን አልተቆጣም። መንገዱን እንድትለቅ በትሕትና ለመናት፤ ወንድሜን በመዘግየት ነው የቀበርኩት አላት።

ያን ጊዜ ነው አንድ ብልሃት ያሰበችው። ወደ ዱረቲ ቤት ገባችና ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ በብርጭቆ ቀዳች፣ ከእንስራ ጨምራ ለብ አደረገችው፣ ይዛ ወጣች። ሞረዳ ብርጭቆውን ሲያይ ፊቱን አዞረ። እሷም ጎንበስ ብላ፣ ፈርታ የሸሸችውን ፊት በእጇ ይዛ፣ በወሎኛዋ «አብሽር፣ አያቃጥልህም። ና ጉቤ ስትል አሁን ገና ሰማሁህ» አለችው።

ሞረዳ ጣቱን ብርጭቆው ላይ አሳረፈ። ቆየ። ከዚያ ተቀበላትና ጠጣ፤ ግጥም አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል እየታየ። ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋላት፤ ይጨመርልኝ ማለቱ ነው። ሁለተኛውንም ጨረሰው።

ኦቦ ባቻ ከዘራውን ተደግፎ ይህን አየ።  «የእኔ ወንድም አንዲት ጉንጭ መዋጥ አልቻለም ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ቀጥሎ ለሹፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ ምልክት ሰጠው።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏችሁ ከሆነ አላለቀም። ሰዉ እየተንሾካሾከ ሳለ ሐረግወይን ዱረቲን አየቻት። ዱረቲ በጀርባ እጇ ከንፈሯን ታሻለች። ያሻችውን መልሳ ታሻለች። ምን ሆነሽ ብትላት፣ ሰሞኑን ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል፣ የሐዘን ነው አለቻት። ሐረግወይን ዙሪያዋን ስታይ ከጓዳው እንፋሎት ይወጣል። ምን እየሠራሽ ነው አለቻት። ዱረቲ በመንገድ የሚጠጣው ሾርባ መሆኑን ነገረቻት። የዓሣ ሾርባ። ዓሣ ጉልበት ይሰጣል፣ አእምሮም ያበረታል ስለሚባል ከዚያ ከደረቀው እየቆረጠች፣ ውሃ ስለማይጠጣላት በሙቁ፣ ጠዋትና ማታ በማንኪያ ታጎርሰው ኖሯል። እሷ ዓሣ አትወድም። የምትቀምሰው ለጨው ብቻ ነው።

ሐረግወይን እንዴት ብላ እንደነገረቻት አታስታውስም። ዱረቲ ግን ሰምታ ጨርሳ ድስቱን አወጣችና ጓሮ ደፋችው፤ የቀረውን ዓሣም ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው፤ ዶሮዎቹን ራሷ እያባረረች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «በገዛ እጄ፣ አዴ ሐረግ» አለች፣ «በገዛ እጄ እያጎረስኩ።»

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች ሐረግወይን። «ለእኔ ብልቃጥ ነው እዚያ የሄደው።» ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። አንጀት ይበላ ነበር።

ሚኒባሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሟ የሌሊሳን ድምፅ ሁለቴ አስደግማ ሰማች፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ደወለች፣ ጻፈች። የቧጠጠውን ቡችላ ነገርም ችላ አላለችም፤ ለእሱም መርፌውን አስጀመረችው። የዓሣው መርዝ ግን ማርከሻ የለውም፤ ጊዜ ነው የሚያወጣው፣ ዓሣ ወደ አፉ እንዳይደርስ ብላ አስጠነቀቀች። ጥርሱ በሳምንቱ ተወው፣ እግሩ በወሩ ቆመለት። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ማቃጠሉን አልተወም። ሞረዳ ከሁለት ወር በላይ ለብ ያለ እየጠጣ፣ ለብ ባለ እየታጠበ፣ በጠዋት የቀዘቀዘ ብረት በጨርቅ እየያዘ ከረመ። ሐረግወይንም ማይክሮስኮፑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ብልቃጥ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። መስኮቱ አጠገብ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስላይድ ታጥባለች፤ እንዲህ ያለ ድንቅ ነገር ስወድ ሰው ልገድል ነበር ብላ ነው። እኔ እንኳ አይደለም ብያት ነበር፤ ጆሮ አልሰጠችኝም።

ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ሞረዳ ላብራቶሪው በር ላይ ቆመ። ከሕመሙ ተነሥቶ መንገድ ከጀመረ የመጀመሪያው ምልልሱ ነው። ከጃኬቱ ሥር የማርመላታ ብልቃጥ አወጣ፤ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ ከፀሐይ ተጠልሎ፣ ልክ እንደ ድሮው። ሐረግወይን አላዘዝኩህም አለችው። ሞረዳ አላዘዝሽኝም አላት፤ እስካሁን ያመጣሁት ለአንቺ ነበር፣ ይህን ግን ለራሴ ነው ያመጣሁት፣ የመታኝን ነገር አሳዪኝ አላት።

ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ጠብታዋን አድርጋ ፈለገች፤ ብዙ ፈለገች፤ በመጨረሻ አንዲት ምስር አገኘች፣ በሣር ቁራጭ ዳር ብቻዋን ቀስ እያለች የምትዞር። ሞረዳን ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየጉዞው አራት ቀን እየነዳ ያመጣውን ነገር ሰውየው አንድ ቀን እንኳ አይቶት አያውቅም ነበር። ዓይኑን ሌንሱ ላይ አደረገ።  መጀመሪያ ያየው ጀልባዎቹን ነው፣ መርፌዎቹን፣ ሚዶዎቹን፣ ያን የመስታወት ገበያ። ሳቅ የለ፣ ቀልድ የለ። ቆይቶ ቆይቶ ምስሯን አገኛት።

«ይቺ ናት?» አለ። «ይቺው?»

ናት አለችው፤ ወይም እህቷ ናት፣ በዓይን አይለይም። ሞረዳ ዓይኑን አላነሣም። እኔን የሚያህል ሰው፣ እያለ ያጉረመርማል፣ የአርባ ቶን መኪና የምነዳ ሰው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድምፁ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ድምፅ ነበር። ጠብታው እስኪደርቅ ድረስ አየና ተነሣ።

ጓሮ የተማሪዎች ቧንቧ አለ። ሞረዳ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ሐረግወይን ከመስኮቱ ታየዋለች፤ ልትጮኽበት አፏን ከፈተች፣ ተወችው። ቧንቧውን ከፈተና እጁን ከሥሩ ዘረጋ። እንደሚፈራ ሰው አንዴ ሰበሰበው። እንደገና ዘረጋው። ውሃው በመዳፉ ላይ፣ በክንዱ ላይ፣ በእጅጌው ውስጥ ወረደ፤ እሱ ግን አልሸሸም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ጨመረው፣ ራሱን ጨመረው፤ ተማሪዎች ቆመው ያዩታል።

«ቀበናዋ!» አለ፣ ውሃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ። «አዴ ሐረግ፣ ቀዝቃዛ ነው! ቀዝቃዛ ነው!»

ያ ሦስት ቤት የሚሰማ ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሐረግወይን እንባዋን በጋዋኗ ጠረገች። ደብተሯን አውጥታ ምስርን ከሣለችበት ገጽ ሥር «ቀዝቃዛውን እሳት ታደርጋለች» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንም ጨመረችበት። ከዚያ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረችና ከብልቃጡ ሌላ ጠብታ ቀዳች።